መሳቢያው የሚከፈትበት ምዕራፍ

መምህርቷ መጽሐፉን በምላጭ የቆረጠችው ተማሪ ሁሉ ዓይኑ እያየ ነው። ክፍሉ ውስጥ አርባ ምናምን ልጅ አለ፣ መጽሐፉ ግን አንድ ነው። ትምህርት ቤቱ ቅጂ እንዲገዛ ብትጠይቅ «እናያለን» ተባለች፤ «እናያለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ቢሮ ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሷም አልጠበቀችም። ሽፋኑን ገነጠለች፣ ጀርባውን ሰነጠቀች፣ እያንዳንዱን ምዕራፍ ለብቻው በመርፌና ክር ሰፍታ አደለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ቲቸር መቀስ» ተብላ ቀረች። ምላጭ እንጂ መቀስ አልነበረም፤ ግን ቅጽል ስም የሚያወጣን ሰው ማን ማስረጃ ይጠይቀዋል!

ነገሩ የተጀመረው ከሰብዓዊ መብት ትምህርት ነው። ቲቸር መቀስ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይህንን እንድታስተምር ታዝዛ ነበር። መማሪያው «ማንኛውም ሰው» ብሎ ይጀምራል፣ «ማንኛውም ሰው» ብሎ ይቀጥላል፤ ተማሪው ደግሞ «ማንኛውም ሰው» የሚባል ሰው ሰፈሩ ውስጥ ስለማያውቅ ያዛጋል። አንድ ቀን ግማሹ ክፍል እንቅልፍ ሲጥለው መማሪያውን ዘጋችና ከቦርሳዋ አንድ ልብ ወለድ አወጣች። ለወጣቶች የተጻፈ ነው፤ ከአገሯ ወጥታ በሰው አገር የቤት ሠራተኛ የሆነች ልጅ ታሪክ። የመጀመሪያውን ገጽ ስታነብላቸው የሚያዛጋ ጠፋ።

ሕጉ ቀላል ነበር። ተራህ ሲቃረብ የደረሰህን ምዕራፍ ቤትህ ወስደህ ለቤተሰብህ ታነባለህ፤ ተራህ ሲደርስ ደግሞ ለክፍሉ በቃልህ ትተርካለህ። ከተራ በፊት የሌላውን ምዕራፍ አጮልቆ ማየት ክልክል ነው። እንዲህ ሆኖ አንድ መጽሐፍ በቁርጥራጩ በየቤቱ ገባ። መምህርቷ ያላሰበችው ነገር ቢኖር፣ ልጆቹ ታሪኩን በተራ እየሰሙ ሲያድጉበት ወላጆቹ ግን እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁራጭ ብቻ ይዘው እንደሚቀሩ ነው።

ስምንተኛው ምዕራፍ የደረሰው ለአንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበር። ይህች ልጅ ከእናቷ ጋር ድንበር ተሻግራ የመጣችው ገና ትንሽ ሳለች ነው። እናትየው ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ዳቦ ቤት ሊጥ ታቦካለች። ከመጣች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ የዳቦ ቤቱ ሰዎች ግን ዛሬም «እንግዳዋ» ነው የሚሏት። ስድስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ገብቶ ጆንያ ሙሉ ዱቄት የሚያቦካ እንግዳ የት አገር እንዳለ እነሱ ይወቁት።

ልጅቷ ቁርጥራጩን ይዛ የገባች ዕለት እናትየው ከሥራ ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የዛለ እጇን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? መጽሐፉን ማን ቀደደው?»

«ቲቸር ናት።»

«አስተማሪ መጽሐፍ ትቀድዳለች እንዴ? ጉድ ነው! ተማሪውማ ምን ሊያደርግ ነው?»

«እማዬ፣ መጀመሪያ ስሚው በናትሽ።»

እናትየው እስከ ሰባተኛው ምዕራፍ ያለውን ታውቀዋለች። ልጅቷ ከክፍል እንደሰማች እየመጣች ስትነግራት ከርማለች። ጀግናዋ በሸራ በተሸፈነ የጭነት መኪና ድንበር ማቋረጧን፣ ከልብስ አጣቢ ቤቱ ዓይን አፋር ልጅ ጋር ያለውን ነገር፣ ሁሉንም ታውቃለች። አንዳንዴ ሊጡን እየመታች «ያቺ ልጅ ዛሬ ምን በልታ ዋለች ይሆን?» ብላ ታስባለች፤ ከዚያ ልብ ወለድ መሆኑ ትዝ ሲላት በራሷ ትስቃለች።

ስምንተኛው ምዕራፍ ውስጥ አሠሪዋ ለጀግናዋ ሻይ አቀረበችላት። «የኔ ልጅ» አለቻት። ቀጥላ ፓስፖርቷን ከእጇ ተቀበለችና መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችው። «እንዳይጠፋብሽ ብዬ ነው» አለቻት፤ «እኔ ጋ ይቀመጥ።»

የእናትየው እጅ ከውሃው ወጣ።

«ድገሚው እስቲ።»

ልጅቷ ደገመችው።

«ይሄን የጻፈው ሰው ጋሼን ያውቀዋል እንዴ?»

ልጅቷ ልትስቅ ጀምራ የእናቷን ፊት ስታይ ተወችው። «ጋሼ» የዳቦ ቤቱ ባለቤት ነው። የእናትየው ፓስፖርት ሥራ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ እሱ ባንኮኒ ስር ባለው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፏል፤ ሲወስደውም ያለው ቃል ይኸው ራሱ ነበር። ያን ጊዜ የምስጋናዋ ብዛት! እንግዳ ሆና አደራ የሚቀበላት ሰው ስታገኝ ምን ልትል ነው?

«እማዬ፣ እስከ አርብ ነው እኮ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

እናትየውን የከበዳት ይህ ነበር። ልጅቷ ዘንድሮ የመልቀቂያ ፈተና ተፈታኝ ናት። ከውጭ የመጣ ተፈታኝ ሲመዘገብ ወላጅ ፓስፖርቱን ይዞ መቅረብ አለበት፤ ምዝገባው አርብ ይዘጋል። አርብ ካለፈ ልጅቷ የክፍል ጓደኞቿ ሲፈተኑ በር ላይ ቆማ ማየት ነው። እናትየው ጋሼን አንድ ጊዜ ጠይቃዋለች። ከት ብሎ ሳቀና «የት ልትሄጂብን ነው? እኔ ጋ ካለ ባንክ ውስጥ አለ በይው» አለ፤ ያልበረደ ዳቦ ጠቅልሎም ሰጥቶ አሰናበታት። ለሁለተኛ ጊዜ ልትጠይቀው አፏ ላይ እየመጣ ዋጠችው።

ክፉ ሰው ቢሆን በቀለላት። ክፉን ሰው ሰድበው ይገላገሉታል። ጋሼ ግን ልጅቷ የታመመች ጊዜ በራሱ መኪና ሆስፒታል ያደረሰ፣ የበዓል ዋዜማ ማንንም ባዶ እጁን የማይሸኝ ሰው ነው። ከእንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሞ «የኔን ስጠኝ» ማለት ምስጋና ቢስ የመሆን ያህል ይሰማታል። እሱም አንድ ቀን «የሷን ይዣለሁ» ብሎ አስቦ አያውቅም። መሳቢያው የሱ ስለሆነ፣ በውስጡ ያለውም ሁሉ የሱ መስሎታል።

በማግስቱ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ጉድ ፈላ። የጋሼ ልጅም እዚያው ክፍል ነው፤ የደረሰው ደግሞ ዘጠነኛው ምዕራፍ። ማታ ለአባቱ ሲያነብለት ጋሼ ሁለተኛውን ገጽ ሳይጨርስ ብድግ አለ። ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ለመጣው ሁሉ ባንኮኒውን እየደበደበ ይናገራል።

«ቲቸሯ ለልጆቻችን ሌብነት እያስተማረችልን ነው! መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ መሳቢያውን በሹካ ጎርጉራ ከፍታ ፓስፖርት ሰረቀች! የሰው መሳቢያ! እኔ የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ይሄን ዝም ብዬ አላይም!»

ከበስተኋላ፣ ሊጥ ማቡኪያው ክፍል ውስጥ፣ እናትየው ቀጥ ብላ ቆመች። ስምንተኛው ምዕራፍ ፓስፖርቱ ከተቆለፈበት መሳቢያ ሳይወጣ ነበር ያለቀው፤ ከዚያ ወዲህ ልቧ እንደተንጠለጠለ ነው። «አወጣችው!» አለች በሹክሹክታ። «አወጣችው እኮ!» ከዚያ ሊጡን አንስታ በደስታ ገበታው ላይ እንዲህ ስታላጋው፣ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች «ምን ነካት ዛሬ?» ተባባሉ። እነሱም እንደሷ ከድንበር ማዶ የመጡ ናቸው፤ የእነሱም ፓስፖርት እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ጋሼ ሻሽ መሳይ የዳቦ ቤት ቆቡን እንዳደረገ ብቅ አለ።

«እንግዳዋ! አንቺም ወላጅ ነሽ አይደል? ዛሬ ከሰዓት ስብሰባ አለ። ያንን መጽሐፍ ልናግድ ነው። ነይና እጅሽን አውጪ።»

«ምኑ ላይ ነው የማወጣው ጋሼ?»

«እኔ ሳወጣ አውጪ በቃ።»

ስብሰባው የተደረገው በልጆቹ ክፍል ነው። ወላጆቹ ጉልበታቸው ከማይገባበት ዴስክ ስር ተወሽቀው ተቀመጡ። የያዙትን ቁርጥራጭ እንዲያመጡ ስለተነገራቸው ሁሉም ምዕራፉን እንደ ማስረጃ በእጁ ይዟል። ቲቸር መቀስ ጥግ ላይ ቆማለች። ሥራዋ የሚተርፍ አይመስልም ነበር።

«መጽሐፉ የሌባ መጽሐፍ ነው» ብሎ ከፈተ ጋሼ።

«የምን ሌባ?» አለ የአውቶብሱ ሾፌር። «ይሄ ስለ ኮንትሮባንድ ነው። የጭነት መኪና፣ ድንበር፣ በሸራ የተሸፈነ ሰው… እኔ እኮ ሙሉውን አንብቤዋለሁ!»

«ሙሉውን» የሚለው ሦስተኛውን ምዕራፍ ነው።

«ኧረ ተዉ!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የፍቅር ነው። የልብስ አጣቢ ቤቱ ልጅ ሸሚዟን ተኩሶ ሲሰጣት… እኔማ ልጄን በዚህ ዕድሜዋ ምን እያስነበቧት ነው ብዬ ነው የመጣሁት።» ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ «ግን ምን ሆኑ? ተጋቡ?» ብላ ጠየቀች።

ክፍሉ ተንጫጫ። ስለ አንድ መጽሐፍ ሊፈርዱ መጥተው ስንት መጽሐፍ እንደያዙ የሚያውቅ የለም። ጋሼ ዴስኩን መታ፤ ማንም አልሰማውም። ያን ጊዜ ቲቸር መቀስ ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ ከአንድ ጀምራ ቁጥር ደረደረች።

«ልታግዱት ትችላላችሁ» አለች። «ግን የምታግዱትን ዕወቁት። ልጆቻችሁ እንደሚያደርጉት፣ እያንዳንዳችሁ የያዛችሁትን በተራ ንገሩን። ከዚያ እጅ ይወጣል።»

«ምን ቸገረኝ» አለ ጋሼ፤ «የኔ ሲደርስ ጉዱ ይወጣል።»

ተራው ከአንድ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ተኮላተፉ። ሾፌሩ ጋ ሲደርስ ግን ነገር ተለወጠ። ሥራው ነውና መኪናዋን በማርሽ በማርሹ እየነዳ፣ በፍተሻ ኬላው ላይ ሞተር አጥፍቶ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ተረከው። ልጅቷ ሸራው ስር አፏን በእጇ ይዛ ስትሳል «አይዞሽ!» ያለ ሰው ነበር፤ ማን እንዳለ ግን አልታወቀም። ልብስ ሰፊዋ የሸሚዙን ነገር ስትተርክ እንባዋ መጣ። ሰዎቹ ጉልበታቸውን ያጣበቀውን ዴስክ ረሱት። ጋሼ ራሱ ሳያውቀው አገጩን በእጁ ደግፎ ነበር።

«ስምንት» አለች ቲቸር መቀስ። ማንም አልተነሳም።

እናትየው በመጨረሻው ረድፍ ተቀምጣ ነበር። ስብሰባ መጥታ አታውቅም። አነጋገሯ ከሰፈሩ ሰው ስለሚለይ፣ ሱቅ ሄዳ እንኳ በጣቷ ጠቁማ የምትገዛበት ጊዜ አለ። ቁርጥራጩን ጭኗ ላይ አጠፈችው። «ይለፈኝ» ልትል ፈለገች። አርብ ትዝ አላትና ተነሳች።

ወረቀቱን አልከፈተችም። በቃሏ ነበር።

«አሠሪዋ ሻይ ቀዳችላት» ብላ ጀመረች። ድምጿ መጀመሪያ ቀጠነ፤ ከዚያ ግን መሬት ያዘ። «ስኳር ሦስት አደረገችላት። የኔ ልጅ አለቻት። ልጅቷ እንዲህ ያለ ቃል ከሰማች ቆይታ ስለነበር ልቧ ውሃ ሆነ። ከዚያ ፓስፖርትሽን አምጪ፣ እንዳይጠፋብሽ፣ እኔ ጋ ይቀመጥ አለቻት። ልጅቷም ሰጠቻት። አመስግናም ሰጠቻት። አሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ አስገብታ ቆለፈችው፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። ወራት አለፉ። የልጅቷ እናት አገር ቤት ታመመች ተባለ። ልጅቷ ፓስፖርቴን ብላ ጠየቀች። አሠሪዋ ሳቀች። የት ልትሄጂብን ነው አለቻት።»

የመጨረሻዋ ቃል መጽሐፉ ውስጥ የለችም። እሷ ናት የጨመረቻት። ጋሼ ግን አገጩን ከእጁ ላይ አነሳ።

«ዘጠኝ» አለች ቲቸር መቀስ።

ጋሼ ቁርጥራጩን ይዞ ቆመ። ጠዋት ባንኮኒውን የደበደበበት ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። «እህ… መሳቢያውን በሹካ ከፈተችው ይላል። ፓስፖርቱን አውጥታ ብብቷ ስር ከተተችው። እና… ሰረቀች። ሌባ ናት ማለት ነው።»

«የማንን ፓስፖርት?» አለ ሾፌሩ።

ጋሼ ገጹን ገለበጠ። መለሰ። እንደገና ገለበጠ።

«የራሷን ነው፣ ጋሼ» አለች እናትየው፤ ገና አልተቀመጠችም ነበር።

ልብስ ሰፊዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «የራሷን ነው የሰረቀችው?» አለች፤ ሳቋ ግን አመለጣት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ ዴስኩን እየመታ «እኔም ቤቴ ስገባ ፖሊስ ይጥሩልኝ!» አለ። ጋሼ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«እኔን ነው የምትነካኩት?» አለ ወደ እናትየው ዞሮ። «በኔ ላይ ነው ይሄ ሁሉ?»

ሳቁ ቆመ። ቲቸር መቀስ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች። «ጋሼ፣ ስለ መጽሐፉ ነው እኮ የምንነጋገረው» አለች ልታበርደው።

ለእናትየው መውጫ ተከፈተላት። «አዎ፣ ስለ መጽሐፉ ነው» ብላ መቀመጥ ትችል ነበር። ነገም ሊጧን ታቦካለች፣ ዳቦዋንም ይዛ ትገባለች። ግን አልተቀመጠችም።

«አይ ቲቸር» አለች። «የመጽሐፉ አልቋል። አሁን የራሴን ነው የምናገረው። ጋሼ፣ ደግ አድርገውልኛል። ልጄን ሆስፒታል አድርሰዋል፤ እስክሞት አልረሳውም። ግን ልጄ አርብ ለፈተና ትመዘገባለች። ፓስፖርቴ ደግሞ ባንኮኒው ስር ነው። በሹካ አልከፍትም። እዚህ ሰው ፊት ነው የምጠይቅዎት። ይስጡኝ።»

ጋሼ አንዴ እሷን፣ አንዴ የያዘውን ቁርጥራጭ አየ። ከዚያ በዴስኮቹ መሃል ተሹለክልኮ ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ።

«ሥራሽም አብሮ ሄደ፣ እህቴ» አለች ልብስ ሰፊዋ በሐዘኔታ።

«ይሂድ» አለች እናትየው። እውነቷን ነበር። ከዚያ ተቀመጠች።

ልብስ ሰፊዋ አሥረኛው ማን ጋ እንደሆነ ልትጠይቅ ስትል በሩ ተከፈተ። ጋሼ ነው። እያለከለከ ነው፤ ዳቦ መጠቅለያ ከረጢትም አንጠልጥሏል። ወደ እናትየው ዴስክ መጥቶ ከረጢቱን ገለበጠው። አንድ ሳይሆን ብዙ ፓስፖርት ተዘረገፈ፤ ሽፋናቸው በዱቄት ነጭቷል።

«የቱ ያንቺ እንደሆነ አላወቅሁም» አለ ጋሼ። «ስድስት ዓመት ሙሉ አንዱንም ከፍቼ አላየሁም። እኔ እኮ… እንዳይጠፋ ብዬ ነበር።»

እናትየው አንድ በአንድ እየገለጠች ፎቶውን አየች። ሦስተኛው እሷ ነበረች፤ ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ፀጉሯን ሹሩባ የተሠራች። ያችን ልጅ ሳታያት ቆይታለች። የሽፋኑን ዱቄት በቀሚሷ ጠረገችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ የቀሩትን ሰብስባ በከረጢቱ መለሰች።

«እነዚህን ለኔ ስጪኝ፤ ነገ እኔው አድላለሁ» አለ ጋሼ እጁን ዘርግቶ።

«የለም ጋሼ። እኔው አደርሳለሁ።»

ሾፌሩ አጨበጨበ። ልብስ ሰፊዋ ተከተለች። ትንሽ ቆይቶ ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበ፤ ከውጭ መስኮቱ ላይ ተንጠላጥለው ሲያዳምጡ የነበሩት ልጆች ደግሞ ከወላጆቻቸው በላይ ጮኹ። ያቺ ዝምተኛ ልጅ ከሁሉ በላይ ጮኸች። መጽሐፉን ለማገድ እጅ ማውጣት የሚባል ነገር ከነመኖሩ ተረሳ።

እናትየው የዚያኑ ዕለት ከረጢቱን ይዛ በየቤቱ ዞረች። አንዷ ፓስፖርቷን ስማ አለቀሰች፤ ሌላዋ ምን እንደምታደርግበት ግራ ገብቷት ትራሷ ስር ከተተችው። አርብ ጠዋት እናትና ልጅ ለምዝገባ ተሰለፉ። መዝጋቢው ፓስፖርቱን ገልጦ «ይሄ ዱቄት ምንድነው?» ሲል እናትየው ቀና ብላ «የሥራዬ ነው» አለች። ልጅቷ ተመዘገበች።

ሥራዋም አልሄደባትም። ጋሼ ለጥቂት ቀን አኮረፈ፤ ሰላምታውም በጉሮሮው ብቻ ሆነ። ሰኞ ዕለት ግን እናትየው የጆንያ ማሰሪያ ገመድ ፈልጋ ባንኮኒው ጋ ብትመጣ መሳቢያው ሳይቆለፍ ገርበብ ብሏል። ውስጡ ፓስፖርት የለም። በክር የተሰፋ ቁርጥራጭ አለ፤ መጨረሻው ምዕራፍ።

ጋሼ ከኋላዋ ደረሰና እንደተያዘ ልጅ ደነገጠ። «ከልጄ ጓደኛ ተውሼ ነው» አለ። «ያቺ ልጅ እናቷን አገኘቻት አላገኘቻትም ብዬ… እንዳይጠፋ ብዬ እዚህ አስቀመጥኩት።»

እናትየው መሳቢያውንም እሱንም አየች። ሳቋ ከሆዷ መጣ።

«ከተራ በፊት ማየት ክልክል ነው፣ ጋሼ» አለችና ዱቄት የለበሰ እጇን ዘረጋች። «ያምጡት። እኔ ጋ ይቀመጥ።»

ጋሼ አንዴ አመነታ፤ ከዚያ አውጥቶ ሰጣት።